የጀልባዋ ጠርዝ

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን በሮቹን አስቀባ። ከሐረር የመጡት ሽማግሌ ቀለም ቀቢ የገበያውን ቨርኒሽ አላምንም ብለው፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ከሰል አቀጣጥለው የተልባ ዘይት በቆርቆሮ ሲያፈሉ፣ ሽታው በቢሮዬ በር ስር ገብቶ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ አገኘኝ። ያን ሽታ ካሸተትኩት ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ብዕሬን አስቀምጬ እስኪ የሚመጣው ይምጣ ብዬ ጠበቅሁ፤ እንባም ይሁን የልብ መሸበር፣ የሆነ ነገር ይመጣል ብዬ። ምንም አልመጣም። ተነስቼ ወጣሁና ግድግዳው ላይ የተደገፈውን፣ ገና ዘይት ያልነካውን በር ጠርዝ በመዳፌ ከላይ እስከ ታች ዳበስኩት። ይህን የማደርገው ሳላስበው ነው። የአውቶቡስ ወንበርም ይሁን የሱቅ ባንኮኒ፣ እንጨት ካገኘሁ ጠርዙን ሳልዳብስ አላልፍም፤ ባልደረቦቼ አቧራ የምፈትሽ ይመስላቸውና ጽዳት አበዛች እያሉ ያሙኛል።

ልማዱን የተከለብኝ አዴር ዋርሳሜ ነው፤ ጅጅጋ ውስጥ፣ ባሕር በሌለበት አገር፣ በእኛ ግቢ ጀልባ ያኖር የነበረው ጎረቤታችን። አዴር በሶማልኛ የአባት ወንድም ማለት ነው፤ አጎት የተባለውም ሰው ልጁን መልሶ አዴር እያለ ስለሚጠራ፣ እኔና እሱ በአንድ ቃል ስንጠራራ ኖርን። እናቴ በትልቅ ሰው ደንብ አንቱ እንድለው ትቆጣኝ ነበር፤ እሱ ግን አንቱታ በሰማ ቁጥር ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ ይመስል ዞር ብሎ ስለሚያይ ተውኩት።

ዋርሳሜና ቤተሰቡ የመጡት መንግሥት በተለወጠ ማግሥት ነው፣ እኔ ገና ፊደል በምቆጥርበት ጊዜ። አባቴ ወታደር ነበርና ከሄደበት አልተመለሰም፤ እናቴ ለቅሶ ተቀምጣ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ጊዜው ሲደርስ ጥቁሯን አውልቃ፣ ማዘጋጃ ቤት ታይፕ መምታቷን ቀጥላ ነበር። አያቴ በወታደርነት ዘመኑ የሠራው ቤት ለሁለታችን ሰፍቶን ግማሹን ለማከራየት ስታስብ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና በቶጎጫሌ መንገድ እያቃሰተ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። ከላዩ ፍራሽ፣ ድስት፣ ፍየሎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በገመድ የተጠፈረች ጀልባ ነበረች፤ ጀልባዋ ውስጥ ከእኔ ጥቂት ከፍ የሚል ልጅ እጆቹን ጠርዟ ላይ ጭኖ ተቀምጦ፣ ወደብ የደረሰ ይመስል ሰፈራችንን ቁልቁል ያያል። የዋርሳሜ አንድያ ልጅ ማሃድ ነበር። ይኖሩባት በነበረችው የሶማሌ ወደብ በርበራ ላይ ጠብ ተነስቶ ሌላው ሰው ወርቁንና ምንጣፉን ሲያሸሽ ዋርሳሜ ያሸሸው ጀልባውን ነው፤ ሚስቱ ሆዳን ይህን ነገር ይቅር አላለችውም፤ በጀልባዋ የተነሳ መኪናው ላይ ቦታ ጠፍቶ የቀረውን የስፌት መኪናዋን በትንሽ በትልቁ ታነሳበት ነበር።

ግማሹን ቤት እነሱ ተከራዩን፤ የሰፈር ወንዶች ተጋግዘው ጀልባዋን አወረዱና ከቁንዶ በርበሬው ዛፍ አጠገብ ድንጋይ ደርድረው አስቀመጧት። ጅጅጋ ስም ለማውጣት ሰንፋ አታውቅምና ዋርሳሜ ወዲያው «ናኹዳ» ተባለ፣ የመርከብ አዛዥ ማለት ነው። ከቱሊ ጉሌድ በኩል ከብት ሊሸጡ መጥተው ውሃ ሊጠጡ የገቡ አንድ አዛውንት ደግሞ ጀልባዋን ዞረው ዞረው አይተው፣ ቁም ነገር ባለው ድምፅ፣ ባንድ ጊዜ ስንት ግመል እንደምታጠጣ ጠየቁት። ዋርሳሜ አልሳቀም። ጀልባዋን የሰጡት አባቱ መሆናቸውን፣ እሱም ማሃድ ሲያድግ በርበራ መልሶ ባሕር ላይ እንደሚሰጠው፣ እስከዚያ ድረስ ሥራው እንጨቷ እንዳይሞት መጠበቅ ብቻ እንደሆነ አስረዳቸው። አዛውንቱም ለገንዳ ብዙ ድካም ነው ብለው ሄዱ።

ሆዷ ቀለም የተቀባ ተራ እንጨት ነበር። ጠርዟ ግን ሳጅ የሚሉት፣ ከህንድ በኤደን በኩል የሚመጣ ጠንካራ እንጨት ነው፤ እንደ ቀሚስ ጥለት ዙሪያዋን ይዞራል። ዋርሳሜ ነፍሱን የሚሰጠው ለዚህ ጠርዝ ነበር። «ሰው ጀልባ ሲሳፈር መጀመሪያ የሚይዘው ጠርዙን ነው» ይለን ነበር። «ጠርዙን ያልተንከባከበ ባለጀልባ፣ ከውሃ በታች ያለውን፣ ማንም የማያየውን ይንከባከባል?» የጅጅጋ ፀሐይና ነፋስ ደግሞ ለእንጨት የሚራሩ አልነበሩም፤ በጋው ሲያልፍ ጠርዟ አመድ መስሎ፣ እንደ አህያ ጀርባ ጸጉር አብቅሎ እናገኘዋለን።

በርበራ ይህን እንጨት የሚቀቡት በዓሣ ጉበት ዘይት ነው። ያንን ጅጅጋ ከየት ያመጣል? የመጀመሪያውን ዓመት ስብ ያው ስብ ነው ብሎ፣ ከሥጋ ሻጮቹ ሴቶች የበግ ላት አምጥቶ አቅልጦ ጠርዟን ዙሪያውን አጠጣት። እንጨቱ አብረቀረቀ፣ እሱም ደስ ብሎት ተኛ። ጠዋት ስንነሳ የአጥሩ ቆርቆሮ ተገንጥሎ፣ ጀልባዋ ከድንጋዮቿ ወርዳ በጎኗ ተጋድማ፣ ጠርዟ ከፊት በኩል ተግጦ አገኘናት። የባሕር ሰው ነውና ጅብን አላሰበውም። ማሃድ መሬት ላይ እየተንከባለለ ሳቀ፤ ሆዳን በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ ጅቡ ትንሽ ጠንከር ቢል ኖሮ ሁላችንንም ይገላግለን ነበር አለች። የጥርሱ ጉድጓዶች እንጨቱ ላይ ቀሩ፤ ማሃድና እኔ ተከፋፍለን፣ አንዱ የሱ አንዱ የኔ ሆኖ፣ በአጠገባቸው ባለፍን ቁጥር ጣታችንን እንከትባቸው ነበር።

መፍትሔው ከእናቴ መጣ። ሐረር ያለችው እህቷ ለሁዳዴ ጾም የተልባ ዘይት በጠርሙስ ትልክላታለች፤ አያቴም የጠመንጃውን ሰደፍ በተልባ ዘይት ያሽ እንደነበር ታስታውሳለች። አንዱን ጠርሙስ ይዛ ወጣችና «አቶ ዋርሳሜ፣ እስቲ ይሄን ይሞክሩት፤ ጅብ የጾም ምግብ አይቀምስም» አለችው። ከዚያ ወዲህ የሁዳዴ ዘይታችን በየዓመቱ ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹ ለወጥ ግማሹ ለጀልባ። እናቴ በግቢው ውስጥ ጾሙን በደንብ የያዘችው ጀልባዋ ብቻ ናት እያለች ታሾፍ ነበር።

ሥራው የሚጀመረው ሁዳዴ ሲገባ፣ ዝናቡ ሳይደርስ ነው። መጀመሪያ የሞተው ቆዳ በጠርሙስ ስባሪ ይፋቃል፤ ስባሪው ትንሽ ዘንበል ተደርጎ፣ ወደ ራስ እየተሳበ፣ ሽበቱ እንደ ዱቄት እየረገፈ ከሥሩ የማር መልክ ያለው እንጨት ብቅ ይላል። ጥቁር ነጠብጣብ የያዘው ቦታ በሎሚ ይታሻል። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ ሻካራው ኋላ ልስልሱ፣ ሁልጊዜ እንጨቱ ወደበቀለበት አቅጣጫ፤ ማሃድ ቸኩሎ አግድም የፈተገው እንደሆነ ዋርሳሜ ያን ቦታ እንደገና ከመፋቁ ያስጀምረዋል። ዘይቱ ፈልቶ በረድ ሲል የመጀመሪያው በላምባ ቀጥኖ ይቀባል፣ እንጨቱ እንዲጠጣ። የኋለኞቹ በባዶ መዳፍ ነው የሚታሹት፣ እንጨቱ እስኪሞቅ ድረስ። ያ ወቅት ደግሞ የጅጅጋ ነፋስ አቧራ የሚያዘንብበት ስለሆነ፣ ግቢውን ውሃ ስንረጭ፣ ዶሮ ስናባርር፣ በጀልባዋ ላይ አጎበር ስንዘረጋ እንውላለን። መዳፌ እስከ ፋሲካ ድረስ ተልባ ይሸታል፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሳማትብ ይሸተኝ ነበር።

ዘይቱ ሲደርቅ ዋርሳሜ ዓይኑን ጨፍኖ ጠርዙን ዙሪያውን ይዳብሳል። ከዚያ እኛ እንዳብሳለን። ከዚያ ሆዳን የታጠበ ልብስ ልታሰጣበት ትመጣለች፣ የግቢው ትልቁ ጠብም ያኔ ይጀመራል። «ሌላ ገመድ የለም?» ይላታል። «ይቺን የማትንቀሳቀስ ነገር ነው የማከብረው?» ትለዋለች። እናቴና እኔ በመስኮት ሆነን እናያለን። በጣም ደስተኞች ነበርን መሰለኝ፤ ያኔ ግን ደስታ መሆኑን የነገረን አልነበረም።

ማሃድ አደገ። ቁመቱ የአባቱን አለፈ፣ ትምህርቱን ጨረሰ፣ ደገሀቡር ሄዶ ሥራ ፈልጎ ተመለሰ፣ ድንበሩ ላይ ቶጎጫሌ ሄዶ ዕቃ ሲያመላልስ ዕቃው ተወረሰበት። እወደው ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለእሱም ጭምር፤ እሱ ከሙስሊም ቤት እኔ ከክርስቲያን ቤት፣ ደግሞም በአንድ ግቢ እንደ ወንድምና እህት አድገናል፣ ምን ብዬ እጀምረዋለሁ። በርበራ የመመለሱን ነገር ዋርሳሜ በየዓመቱ ወደሚቀጥለው ዓመት ያሸጋግረዋል፤ ማሃድም ፈገግ ይላል። እኩዮቹ አንድ ባንድ በታህሪብ፣ በድብቅ ስደት፣ ይወጡ ነበር፣ በቦሳሶ አድርገው በባሕር ወደ የመን። አንድ ቀን ጠዋት እሱም የለም።

ስልክ በግቢው የነበረው እኛ ቤት ብቻ ነው፤ ለእናቴ ሥራ የገባ። ከቦሳሶ የደወለ ቀን እኔ ነኝ ያነሳሁት። ድምፁ የቀለለ ነበር፤ ሊሳፈር መሆኑን ነግሮኝ አባቴን ጥሪልኝ አለኝ። ዋርሳሜ ሮጦ ገባና እጀታውን በሁለት እጁ ያዘው። አልጮኸበትም፣ ተመለስም አላለውም። በሶማልኛ የተናገረው ይህን ብቻ ነው፤ «ከመሳፈርህ በፊት ጠርዟን በእጅህ ዳብሳት። ሻካራ ከሆነች አትሳፈር፣ ሌላ ጠብቅ። ሰማኸኝ? በዓይንህ አይደለም፣ በእጅህ።» ማሃድ እሺ አባቴ ያለው እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። ስልኩ ከዚያ ወዲህ በእሱ ድምፅ አልጮኸም።

ሰው ወሬ ሲጠፋበት መጀመሪያ ይሮጣል፣ ይጠይቃል፣ መኪና ጣቢያ ይውላል። ዋርሳሜ ይህን ሁሉ አደረገ። በኋላ የሰፈር ሽማግሌዎች መጥተው፣ ዓመታት አለፉ፣ ተዝያ ተቀምጠን እናስተዛዝንህ፣ ዱዓ እናድርግለት አሉት። አይሆንም አለ። እናቴ «እኔ ባሌን ሳልቀብርም አልቅሼ ጨርሻለሁ፤ እሱ ምስኪኑ ገና አልጀመረም» ትል ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ግን ዋርሳሜ የጠርሙስ ስባሪውን ይዞ ይወጣል፤ እኔም በዚያን ጊዜ ሥራ ይዤ ስለነበር ፈቃድ ወስጄ ከጎኑ እቀመጣለሁ። እንፍቃለን፣ እናለሰልሳለን፣ ዘይት እናሻለን። ስለ ማሃድ አናወራም። ሰፈሩም በአጥሩ በኩል አንገቱን አስግጎ ያያል፤ ጀልባዋ ካብረቀረቀች ዋርሳሜ ዘንድሮም እየጠበቀ ነው ማለት ነው፣ ለቅሶ የሚመጣ የለም። ሆዳን ልብስ ማስጣቱን ትታለች። ጠብ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ራሴ የሚሰማኝ ነገር ቢኖር መዳፌ መሞቁ ብቻ ነበር፤ ሌላው አካሌ ወንበር ላይ የተተወ ካፖርት ይመስለኛል።

የመጨረሻው ዓመት ግማሹን ጠርዝ ፍቀን ነበር። ከቀኝ ጀምረን የጅቡ ጥርስ ጋ ስንደርስ የግቢው በር ተንኳኳና አንድ ከሲታ ጎልማሳ ገባ። የደገሀቡር ሰው ነኝ አለ፤ ከየመን ሳዑዲ ገብቶ፣ እዚያ ታስሮ ኖሮ ገና መመለሱ ነው። ዋርሳሜ ምንጣፍ አነጠፈለት፣ ሆዳን ሻይ አመጣች። ሰውዬው ሻዩን ሳይነካ ጀልባዋን ለረጅም ጊዜ አየና «ይቺ ናት?» አለ።

ከዚያ ነገራቸው። ባሕሩ ዳር ላይ ከማሃድ ጋር አብረው ነበሩ። ጀልባዋ ስትመጣ ማሃድ ውሃው ውስጥ ገብቶ ጠርዟን ዳበሰና ለሰውዬው ይህች ሻካራ ናት፣ አትሳፈር አለው። ሰውዬው ፈርቶ ቀረ። አንተስ ቢለው፣ ማሃድ ሳቀና፣ እኔ የበርበራ ልጅ ነኝ፣ ደግሞ መጠበቅ ሰልችቶኛል፣ ዕድሜ ልኬን ጀልባ ሳዘጋጅ ነው የኖርኩት ብሎት ተሳፈረ። በማግሥቱ ሳንቃዎቿን ማዕበሉ መልሶ አሸዋው ላይ ጣላቸው፤ ሰውም እንዲሁ። ማሃድን ሰውዬው በዓይኑ አይቶታል፣ ከቀበሩትም አንዱ ነው። «እኔ በልጅህ ቃል ነው የቆምኩት፤ ይህን ሳልነግርህ ልጆቼን ማየት አልቻልኩም» አለው።

ሆዳን ፊቷን በሻሿ ሸፍና ገባች። ዋርሳሜ ሰውዬውን አመሰገነው፤ አላህ ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ አለው፣ እስከ በሩም ሸኘው። ተመልሶ ምንጣፉን አጥፎ አስቀመጠና የጠርሙስ ስባሪዎቹን ሰው እንዳይወጉ ብሎ አንድ ባንድ ለቀመ። እኔ እንደተቀመጥኩ ነኝ። አልቅሺ አልኩት ራሴን። አላለቀስኩም።

በማግሥቱ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ በየዓመቱ የማደርገውን አደረግሁ፤ የዘይቱን ጠርሙስ ይዤ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጠርሙሱን ተቀበለኝ፣ ለፀሐይ ከፍ አድርጎ አየው፣ ቡሹን ጠበቅ አደረገና መልሶ ሰጠኝ።

«አዴር፣ ይሄን ለእናትሽ መልሺላት» አለኝ። «ዘንድሮ ለወጣችሁ ይሁን።»

ዝናቡ ሲመጣ ጀልባዋ ግማሿ ተፍቆ ግማሿ ሸብቶ፣ ዘይት ሳይነካት ቆመች። ሰፈሩ አየ። ማንም ሳይጠራው፣ ሽማግሌዎቹ ወንበር ተሸክመው፣ ሴቶቹ ምግብ ይዘው፣ እናቴም ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጡ፤ ግቢው ተሞላ። ዋርሳሜ ከሁሉም ጋር እየተጨባበጠ አሚን፣ አሚን ይላል። እኛ ቤት ያን ሁዳዴ የበላነው ምስር ወጥ የተሠራው በዚያ ዘይት ነው። እናቴ ታቀርባለች፣ እኔ እበላለሁ። ጣፍጦኝ ነበር።

በኋላ የሆዳን ዘመዶች ሁለቱንም ሃርጌሳ ወሰዷቸው፤ በርበራን ግን ዋርሳሜ ዳግም አላየም፣ እዚያው ሃርጌሳ አረፈ። ከዚያ ወዲህ አዴር ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። ጀልባዋ አሁንም በግቢያችን ናት። ድንጋዮቿ ሰምጠዋል፣ ዶሮዎቹ ከሥሯ ይፈለፍላሉ፣ እናቴ አርጅታም ቢሆን ማገዶ ትሁን ያለውን ሁሉ ታባርራለች። አንዳንዴ ጠርዟን እዳብሳለሁ፤ ዙሪያውን ሻካራ ነው። የፋቅነው የትኛው ግማሽ እንደነበር ዛሬ አይለይም፤ የማሃድ ጉድጓድ የትኛው እንደነበር፣ የኔም የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ እንጨቱ ተሰነጣጥቆ ሁሉም ቀዳዳ ጥርስ ይመስላል።

ቀለም ቀቢው ሽማግሌ በሮቹን ጨርሰው ሲሄዱ ቢሮዬ በር ላይ ቆም አሉ። እንጨት ስዳብስ አይተውኝ ኖሮ፣ ቆርቆሯቸውን ከፍ አድርገው አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ትንሽ ዘይት ተርፎኛል» አሉኝ። «ቤትሽ የሚቀባ እንጨት ካለ ውሰጂው።»

«የለም፣ አባባ» አልኳቸው።